በረግረግ ውስጥ የተሸሸገች አበባ
(በአካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ከሀገራችን ርቃ ስለምትበቅል አንዲት አበባ ነው። ስለ እህልና ስለ ውኃ ልንነጋገር ተሰብስበን ይህን ርእስ መምረጣችን ያስገርማችሁ ይሆናል፤ ጥቂት ታገሡን።

አበባዪቱ በሳይንሳዊ ስሟ ሐማርቢያ ፓሉዶሳ ትባላለች፤ የረግረግ ኦርኪድ ናት። ስሟ የተወሰደው በስዊድን ኡፕሳላ አጠገብ ከሚገኘው ከሐማርቢ፣ ከዕፅዋት ሊቁ ከካርል ሊኔየስ የገጠር ርስት ነው። ሊኔየስ ራሱ በ1753 እ.ኤ.አ. በሌላ ስም መዝግቧት ነበር። ኦርኪድ ሲባል ትልልቅና ደማቅ አበባ የሚያስብ ሰው ይህችን ቢረግጣት እንኳ አያስተውላትም። ቁመቷ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ጥቃቅን አበቦቿም ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ናቸው።

መኖሪያዋ ስፋግነም የተባለው ለስላሳ ተክል የሚሸፍነው ረግረግ ነው። ስፋግነም ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውኃ ይይዛል፤ ውኃውንም አሲዳማ ያደርገዋል። አየር በማይገባበት በዚያ እርጥበት የሞተው ተክል ስለማይበሰብስ በየዓመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እየተደራረበ ፒት የተባለውን አፈር ይሠራል። እንግዲህ አንድ ሜትር ፒት የሺህ ዓመት ሥራ ነው። ስፋግነሙ ወደ ላይ ባደገ ቁጥር ኦርኪዷም እንዳትቀበር አዲሱን ኮረት ከአሮጌው በላይ ትሠራለች። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀና ስንቅ የሌለው በመሆኑ የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። በቅጠሎቿ ጫፍ ላይ ደግሞ ትንንሽ ቡቃያዎች ታወጣለች፤ እነርሱም ወድቀው በእርጥቡ ላይ አዲስ ተክል ይሆናሉ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው።

በእንግሊዝ ቆላማ ሥፍራዎች ግን ከቀድሞ መኖሪያዎቿ ከብዙዎቹ ጠፍታለች። ሰው ተሻግሮ የሚያልፋት ጠባብ ቦይ የረግረጉን ውኃ ዝቅ ታደርገዋለች፤ ውኃው ሲወርድ ፒቱ አየር ያገኝና ይበሰብሳል። ፒት ለማገዶና ለአትክልት አፈር ተቆርጧል፤ ከእርሻ የሚፈስሰው ማዳበሪያም ረግረጉን ለሌሎች ዕፅዋት አመቻችቶታል። በደቡብ እንግሊዝ ኒው ፎረስት በተባለው ሥፍራ እስካሁን ትገኛለች፤ በዚያ ከብቶችና ፈረሶች እየጋጡ ረጅሙን ሣር ያሳጥሩታል። ጥበቃ ሁሉ አጥር ማጠር እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

በኢሉባቦር ያሉትን ጨፌዎች የምታውቁ ወዴት እንደምናመራ ተረድታችኋል። እነዚያ ረግረጎች ፒትም ሆነ ይህች ኦርኪድ የሚገኙባቸው ስለሆኑ አይደለም፤ የቦዩ ነገር ግን አንድ ነው። ገበሬው ጨፌውን አንጣፍፎ በቆሎ የሚዘራው እህል በሚያልቅበት ወራት ልጆቹን ለመመገብ ነው፤ ይህን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ቦዩ ሲጠልቅና እርሻው ያለ ዕረፍት ሲደጋገም መሬቱ ይደርቃል፤ የቤት ክዳን የሚሆነው ሣርና በበዓል ቀን የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ይጠፋል፤ ምንጩም ይመነምናል። እኛም በዕቅዶቻችን እንዲህ ያለውን ቦታ «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ብለን ጽፈናል። ቄጠማውን የሚያጭዱትንና በበጋ ከዳር ውኃ የሚቀዱትን እናቶች ግን አልጠየቅናቸውም።

ስለዚህ የቦይ ቁፋሮ ያለበት ዕቅድ ሁሉ ወደ ኮሚቴው ከመቅረቡ በፊት እነዚህ እናቶች በበጋ፣ በዚያው በጨፌው ዳር፣ እንዲጠየቁ እንለምናለን።