ንቦች ያወጡት ስም



ከላስታ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ የሚያቀና መንገደኛ የጋዝጊብላን ደጋ ሲያቋርጥ በገበያውም በቤተ ክርስቲያኑም ደጃፍ ሁለት ቋንቋ ይሰማል። አንዱ አማርኛ ነው፤ ሁለተኛው የዋግ አገዎች የሚናገሩት ኽምጥኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቀው መንገደኛ የመንደሩንና የወንዙን ስም ጠርቶ ያልፋል። የአገሩን ቋንቋ የሚያውቀው ግን ስሙን በጠራ ቁጥር ከስሙ ጋር አንድ ነገር አብሮ ያያል፤ የውኃውን መልክ ወይም የዛፉን ዓይነት፣ አለዚያም በዚያ ቦታ ተፈጸመ የሚባለውን ነገር ያስታውሳል። በአፈ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ምናባዊ ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲም ከእነዚህ ከሁለቱ መንገደኞች አንዱን መሆኑ አይቀርም። የዚህ ንግግር ጉዳይ የትኛውን መሆን እንደሚገባው ነው።

ምናባዊ ልብ ወለድ ሲባል በገሃዱ ዓለም የማይገኝ አገር፣ ፍጥረት ወይም ኀይል ያለበትን ድርሰት ማለት ነው። የአማርኛ አንባቢ ለእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ጆሮ እንደማይነፍግ ታይቷል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው «ዴርቶጋዳ»፣ ከእርሱም በኋላ የተከተሉት «ራማቶሓራ»ና «ዣንቶዣራ» እጅግ ብዙ አንባቢ አግኝተዋል። የእነዚህ መጻሕፍት ርእሶች ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ የሆኑ ስሞች ናቸው፤ አንባቢው ገና ሽፋኑን ሲያይ «ይህ ምን ማለት ይሆን?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጉታል። እንግዳ ስም ይህን ጥያቄ ማስነሣቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄውን የሚመልሰው የስሙ ድምፅ ሳይሆን ከስሙ ሥር ያለው ታሪክ ስለ ሆነ፣ ታሪክ የሌለው ስም ጥቂት ገጽ ከተነበበ በኋላ ግርማውን ያጣል። ብዙ ጀማሪ ደራስያን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። የባዕድ ፊልም ያስለመደውን ድምፅ በመከተል ለጠንቋዩም ለንጉሡም ለዘንዶውም እንግዳ ስም ይደረድራሉ፤ አንባቢው ግን ማን ማን እንደ ሆነ እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

ስም ከታሪክ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ለማየት ከዋግ ደጋ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ዋግና ላስታ የዛጔ ነገሥታት የትውልድ ምድር ናቸው። ከእነዚህም ነገሥታት የታወቀው የላሊበላ ገድል፣ ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ በግእዝ የተጻፈው፣ ስለ ስሙ አወጣጥ የሚተርከው ታሪክ አለው። ሕፃኑ በሮሐ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ከበበው። እናቱ ይህን አይታ አልደነገጠችም፤ ንቦቹ የልጇን ንጉሥነት እንዳወቁ ተረዳች፤ ስለዚህም ላሊበላ አለችው። ገድሉ ስሙን የሚፈታው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ቃሉም የአገው ቋንቋ እንደ ሆነ ይነገራል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለደራሲ የሚጠቅም ትልቅ ትምህርት አለ። አንደኛ፣ ስሙ የመጣው ከአንድ ድርጊት ነው፤ ንቦቹ ባይመጡ ኖሮ ስሙ ባልወጣ ነበር። ሁለተኛ፣ ስሙ ገና ያልተፈጸመ ነገር ይናገራል፤ በአራስ ቤት የተኛው ሕፃን ገና አልነገሠምና። ከዚህም የተነሣ በገድሉ ውስጥ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ስም ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። በዙፋን ላይ የነበረው ወንድሙ የሚፈራው ስሙ የተናገረውን ነው፤ መርዝ የሚቀርብለትም ስሙ እውነት እንዳይሆን ነው፤ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው ከአንድ ቋጥኝ የሚፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት የሚያሳዩትም ስሙ እንዲፈጸም ነው። ገጸ ባሕርዩ ስሙን እንደ ዕዳ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ይቻላል። በመጨረሻም ሮሐ ራሷ የቀደመ ስሟን ትታ በእርሱ ስም ተጠራች።

የአገውን ቋንቋ የማያውቅ ሕዝብ ይህን ስም በተቀበለ ጊዜ ዝም ብሎ አልተሸከመውም። አንዳንዶች «ላል» ማር ነው በማለት ስሙን «ላል ይበላል» ብለው በአማርኛ ፈቱት። የቋንቋ ምሁር ይህን አፈታት ላይቀበለው ይችላል። ደራሲ ግን ሊንቀው አይገባም፤ ሕዝብ ትርጉሙ የጠፋበትን ስም እንደ ባዶ ዕቃ ማስቀመጥ እንደማይወድ፣ አዲስ ታሪክ ሠርቶም እንደሚሞላው ያሳያልና።

ስም ፍርድም ሊሆን ይችላል። አክሱምን አጠፋች ተብላ የምትነገረው ንግሥት በአገሪቱ አፈ ታሪክ ውስጥ በሦስት ስሞች ትጠራለች፤ ብዙ ትረካዎችም ከአገው ምድር ጋር ያያይዟታል። በ10ኛው ምእተ ዓመት የነበረው የዓረብ ጂኦግራፈር ኢብን ሐውቀል በሐበሻ ምድር ንጉሡን ገድላ ስለ ነገሠች አንዲት ሴት ጽፏል። ስሞቹን የሰጣት ግን ከእርሷ በኋላ የመጣው ሕዝብ ነው። ዮዲት ሲላት፣ ሆሎፎርኒስን ገድላ ወገኖቿን ያዳነችውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጀግና ስም አወረሳት። ጉዲት ሲላት፣ «ጉድ» ከሚለው ቃል ጋር አቆራኝቶ ከሰው ሥርዐት የወጣች አደረጋት። እሳቶ ሲላት ደግሞ፣ ሰውነቷን ረስቶ ያቃጠለችውን ብቻ አስታወሰ። ስለዚህች ንግሥት ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ከሦስቱ ስሞች አንዱን በመረጠ ጊዜ የመጽሐፉን ግማሽ ጽፏል ማለት ነው። አገልጋዮቿ ዮዲት፣ ጠላቶቿ ጉዲት፣ ቀዬአቸው የነደደባቸው ሰዎች እሳቶ እያሉ ቢጠሯት ደግሞ ያለ ብዙ ሐተታ ሦስት ወገን ሕዝብ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይቆማል።

ይህ የስም አሰጣጥ ጥበብ ለአማርኛ ልብ ወለድ አዲስ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ካሳ ለተባለው ሰው «ጉዱ» የሚለውን ቅጽል የሰጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ልማዱን የሚጠይቅ፣ ጌታና ሎሌን በእኩል ዐይን የሚያይ ሰው ለዚያ ኅብረተሰብ ጉድ ነበርና። አንዲቱን ንግሥት በአፈ ታሪክ ያወገዘው ቃል፣ በልብ ወለድ አንዱን አስተዋይ ሰው ለማሳበድ ሲውል ይታያል። ደራሲው ቃሉን አልፈጠሩትም፤ ሕዝብ በዚህ ቃል ምን እንደሚያደርግ አስተውለው ነው የተጠቀሙበት።

ለፍጥረታትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የባዕዱን «ድራጎን» ከመዋስ በፊት ደራሲው አርዌን ቢያስታውስ ይጠቅመዋል። በአፈ ታሪኩ አርዌ ሕዝቡን እያስገበረ የነገሠ ዘንዶ ሲሆን፣ አንጋቦ የተባለው ሰው በተመረዘ ፍየል ገደለው፤ ከዚያም በኋላ ራሱ ነገሠ፤ ንግሥት ማክዳም ልጁ ነበረች ይባላል። «አርዌ» በግእዝ አውሬ ማለት ነው። ሕዝቡ ለሚፈራው ንጉሥ ከዚህ የተለየ ስም አልፈለገለትም፤ ተራው ቃል በዙፋን ላይ ሲቀመጥ በራሱ አስፈሪ ሆነ። ጦር ያልመለሰውን ዘንዶ በፍየል ያሸነፈው አንጋቦም ከባዕዱ ሰይፍ መዛዥ ጀግና የተለየ ባሕርይ አለው፤ አሸናፊነቱ የእረኛና የገበሬ ብልሃት ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ የሆነውን መመልከት ይህን ሐሳብ ያጠናክረዋል። እንግሊዛዊው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው «ሆቢት» የድንክዬዎቹን ስም በብዛት የወሰደው «ቮሉስፓ» ከተባለው ጥንታዊ የኖርዲክ ግጥም ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ጋንዳልፍ የድንክዬዎቹ አለቃ ስም ነበር፤ አስማተኛው ሽማግሌ ደግሞ ብላዶርቲን ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ጋንዳልፍ የሚለው ስም በጥንቱ ቋንቋ በትርንና ረቂቅ ፍጥረትን አጣምሮ የያዘ ነው። ደራሲው በመጨረሻ ስሙን ለባለ በትሩ አስማተኛ ሰጠው፤ አለቃውም ቶሪን ተባለ። ስሙ በትርጉሙ የሚስማማውን ሰው አገኘ ማለት ነው። ናይጄሪያዊው ፋጉንዋም እ.ኤ.አ. በ1938 በዮሩባ ቋንቋ ባሳተመው ልብ ወለድ፣ በመናፍስት ጫካ የሚጓዘውን አዳኝ አካራ ኦጉን ሲለው የአስማት ቅምር ማለቱ ነበር፤ የዮሩባ አንባቢ ስሙን እንደ ሰማ ምን ዓይነት ሰው እንደሚመጣ ዐውቋል።

የተቃራኒው ምሳሌ ደግሞ መልሶ ወደ ዋግ ያደርሳል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ኢየሱሳዊው ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን እ.ኤ.አ. በ1735 ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1759 ደግሞ «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ፤ ይህንንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። የመስፍኑ ስም ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተወሰደ ነው። ኢምላክ የተባለውን ባለቅኔና አማካሪ ስም ደግሞ ምሁራን ከይኩኖ አምላክ ጋር ያያይዙታል። ጆንሰን የፈለገው የሰው ልጅ ደስታን ፍለጋ የሚመረምር የምክር መጽሐፍ ስለ ነበር፣ ስሞቹ ለእርሱ የሩቅ አገር ጠረን ብቻ ቢሰጡት ይበቃው ነበር።

በዋግ ግን ይኩኖ አምላክ የሚለው ስም ሲነሣ ጠረን ብቻ አይደለም የሚነሣው። በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑ ከዛጔዎች ወደ እርሱ ተላለፈ። በትውፊቱ መሠረት የዛጔ ዘሮች ዋግን ይዘው እንዲኖሩ፣ ዋግሹም እየተባሉም በብር ወንበር እንዲቀመጡ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። ከሰቆጣ አጠገብ ያለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የዋግሹሞችን አስከሬን ይዟል። ከዚሁ የዋግሹሞች ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜም ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ዙፋኑን ሲይዙ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። እንግዲህ በለንደን ባለቅኔ የሆነው ስም በሰቆጣ የአንድ ዙፋን መነጠቅ ስም ነው። ባዕዱ ደራሲ ይህን ባያውቅ አያስወቅሰውም። የአገሩ ደራሲ ግን ስሙን ከነቁስሉ የማግኘት ዕድል አለው፤ ዕድሉን ሳይጠቀምበት ቢቀር የሚወቀሰውም ስለዚህ ነው።

ከዕድሉ ጋር ግዴታም አለ። የኖርዲክ ድንክዬዎችን የሚያምን ሰው ዛሬ በቀላሉ ስለማይገኝ ቶልኪን በስማቸው ማንንም አላስቀየመም። በኢትዮጵያ ግን አፈ ታሪኩ ከሰው ጋር ይኖራል። «ቡዳ» የሚለውን ስም እንውሰድ። ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚዞር፣ በዐይኑ ሰው የሚበላ ፍጥረት ለምናባዊ ልብ ወለድ እጅግ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ስም ሲጠራ የኖረው ጎረቤት ነው፤ ማረሻ የቀጠቀጠው አንጥረኛና ምጣድ የሠራችው ሸክላ ሠሪ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ በአገሩ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አይተው ነው። ደራሲ ቡዳን ተራ ጭራቅ አድርጎ ቢያቀርብ ያንን ስድብ በሚያምር ሽፋን ጠርዞ መሸጡ ነው። ሰው ቡዳ ተብሎ የሚጠራበትን ምክንያት፣ ጠሪውን የያዘውን ፍርሃትና የተጠሪውን ሌሊት ቢጽፍ ግን ከአፈ ታሪኩ የሚበልጥ ገጸ ባሕርይ ያገኛል። የቅዱሳንም ስም እንዲሁ ነው፤ በገድል የሚታመንበትን ስም ለመጫወቻ ከማዋል፣ የገድሉን አሠራር ተምሮ ለራስ ገጸ ባሕርይ አዲስ ስም ማውጣት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። ስም የሚፈልግ ደራሲ በመጀመሪያ ስሙን በራሱ ቋንቋ ምን እንደሚል ይጠይቅ፤ ኽምጥኛ ከሆነ ኽምጥኛ ተናጋሪውን ይጠይቅ እንጂ በድምፁ ብቻ አይመን። ሁለተኛ፣ ስሙን ማን እንደ ሰጠው ይወቅ፤ እናት የሰጠችው ስምና ጠላት የሰጠው ስም አንድ ሰው አያደርጉምና። ሦስተኛ፣ ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ነገር እንዲያደርግ ይፍቀድለት፤ ይፈጸም፣ ወይም ይፍረስ፣ አለዚያም እንደ ዋግሹም ጎበዜ በሌላ ይተካ። አራተኛ፣ በስሙ የሚጎዳ ሕያው ሰው እንዳለ ይመርምር።

ለማኅበሩ የሚቀረው ሥራ ደግሞ ይህን ነው። በጋዝጊብላና በአካባቢው ያሉት የቦታ፣ የወንዝና የፍጥረት ስሞች ከነትርጉማቸውና ከነትረካቸው በሽማግሌዎችና በእናቶች አፍ ይኖራሉ። ስሙ በካርታ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ከተናጋሪው ጋር ያልፋል። አባላት ወደ ትውልድ ቀዬአቸው በሄዱ ጊዜ አንድ አንድ ስም ከነታሪኩ ጽፈው ቢመለሱ፣ የተናገረውንም ሰው አስፈቅደው ቢያስቀምጡ፣ የሚመጣው ደራሲ የባዕድ ዘንዶ ለመለመን አይገደድም። የላሊበላ እናት ንቦቹ በመጡ ጊዜ እጇን አወናጭፋ ብታባርራቸው ኖሮ ስሙም ታሪኩም ባልኖሩ ነበር። እርሷ ግን ዝም ብላ ተመለከተች፤ ያየችውንም ስም አድርጋ ለልጇ ሰጠች።