ከባሕር በታች ካለ አገር የተገኘ ትምህርት



በ46 ዓመቴ፣ የማታ ተማሪ ሆኜ፣ ለሁለት ሳምንት የጥናት ጉዞ ወደ ኔዘርላንድ ልሄድ ስል የመሥሪያ ቤት ልጆች «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊማሩ ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በወረዳ የመስኖ ሥራ 20 ዓመት የቆየ ሰው ቦይ ለማየት ባሕር አይሻገርም። እኔም ያተረፍኩት ከቦዩ ሳይሆን ከሰዎቹ ነው።

የዚያ አገር ሩብ ያህሉ መሬት ከባሕር ጠለል በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 አንድ ሌሊት ማዕበል ግድቦቹን ሰብሮ 1,836 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹን የባሕር በሮች ለመዝጋት ታቀደ። በምሥራቅ ስኬልት ግን ዓሣ አጥማጆችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች «ከዘጋችሁት ባሕሩ ይሞታል» ብለው ተነሡ። መንግሥትም ዕቅዱን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመረቀው 9 ኪሎ ሜትር ግድብ 62 የብረት በሮች አሉት፤ ዘወትር ክፍት ናቸው፣ የሚዘጉት ማዕበል ሲያይል ብቻ ነው። ወጪው ከፍ አለ፤ ባሕሩም ሰውም ተረፉ።

ይበልጥ የገረመኝ የውኃ ቦርዶቻቸው ናቸው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አሉ፤ ዛሬ 21 ናቸው። ሕዝቡ ይመርጣቸዋል፤ የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ፤ ቦይና ግድብ ይጠብቃሉ።

ታዲያ ይኼን ስሰማ ትዝ ያለኝ ማን መሰላችሁ? የኛው የውኃ አባት! ገበሬው መርጦ ይሾመዋል፤ ተራ ይሰጣል፤ ቦይ ለመጥረግ ሰው ይጠራል፤ በሌሊት ውኃ የሰረቀውን ይቀጣል። እኛ ግን ሲሚንቶ ይዘን ስንመጣ ብዙ ጊዜ እሱን አናማክርም። በማውቀው አንድ ቀበሌ አዲስ ቦይ ተሠርቶ፣ የቆየው የተራ ደንብ ተትቶ፣ በአንድ ቀን ስብሰባ ኮሚቴ ተመረጠ። በሦስተኛው ዓመት ቦዩን ደለል ሞላው። ጠራጊ የሚጠራ ጠፋ፤ ከታች ያሉት ውኃ አጡ፤ ጎረቤታሞች ተካሰሱ። ሲሚንቶው ግን እስካሁን አልተሰነጠቀም።

የዚያ ቀበሌ የውኃ አባት ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። የየትኛው ማሳ ተራ መቼ እንደሆነ፣ ውኃ ሲያንስ ማን እንደሚቀድም፣ ሁሉም ያለው በእሳቸው ራስ ውስጥ ነው። የተጻፈ የለም። እሳቸው ሲያልፉ ደንቡም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የመስኖ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ወር ከውኃ አባት ጋር ይዋል፤ የሰማውንም ጽፎ ለቤተ መጻሕፍታችን ያስረክብ። እናንተም በየወረዳው የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየአካባቢያችሁ ያሉትን አሁኑኑ ጠይቁልን። የኔን የመመረቂያ ጽሑፍ በሦስት ቦዮች ደንብ ላይ ጀምሬዋለሁ፤ አራተኛውን የሚጽፍ ከመካከላችሁ እንዲገኝ እመኛለሁ።