ስንቅ አቀባዪቱ መርከብ



የባሕር ኃይል ስም ሲነሣ የሰው ዐይን አስቀድሞ የሚያርፈው መድፍ በተጠመደባት መርከብ ላይ ነው። ነገር ግን ስንቅና ትጥቅ ካልደረሳት፥ ያች ባለ ግርማ መርከብ ከወደብ ርቃ ብዙ ልትቆይ አይቻላትም። ስለዚህ ከተዋጊዪቱ ኋላ፥ ብዙ ሰው ስሟን የማያነሣት ስንቅ አቀባዪቱ መርከብ አለች።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለዚህ ተግባር 14 መርከቦች አሠርቷል። እነዚህም በመጀመሪያይቱ ስም የ«ሉዊስ ኤንድ ክላርክ» ወገን ይባላሉ። ሁሉም የተሠሩት በካሊፎርኒያ፥ በሳን ዲዬጎ ከተማ፥ ናስኮ በተባለው የመርከብ መሥሪያ ነው። የመጀመሪያይቱ ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2006 ተፈጸመ፤ የመጨረሻይቱም በ2012 ለባሕር ኃይሉ ተሰጠች። የእያንዳንዷ ርዝመት 210 ሜትር፥ ወርዷ 32 ሜትር ያህል ነው፤ ጭነቷን ስትሞላ ክብደቷ ወደ 41,000 ቶን ይደርሳል። ምግብ፥ ጥይትና የመኪና መለዋወጫ ትጭናለች፤ ጥቂት ነዳጅም ትይዛለች።

እንዲህ ያለችው መርከብ እንደ ቤት ከመሠረት ወደ ጣራ አትሠራም። ብረቱ ተቆርጦና ተበይዶ በየክፍሉ ይዘጋጃል፤ ቧንቧውና የኤሌክትሪክ ሽቦው፥ ሠራተኛ እንደ ልቡ ሊገባበት በሚችልበት ጊዜ፥ አስቀድሞ በክፍሉ ውስጥ ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ክሬን አንሥቶ ከክፍል ጋር ያጋጥመዋል። የአንዱ ቡድን ልክ ጥቂት ቢዛነፍ፥ ጥፋቱ የሚገለጠው በሠሪው ፊት ሳይሆን ክፍል ከክፍል ሲገጥም ነው። ያን ጊዜ የተበየደውን ቆርጦ እንደገና መሥራት ግድ ይሆናል።

ሥራዋም ጥንቃቄ ይሻል። የናፍጣ ሞተሮቿ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ይኸው ኤሌክትሪክ ነው። በባሕር መካከል ከተዋጊዪቱ መርከብ ጎን ለጎን፥ በእኩል ፍጥነት ትጓዛለች። መጀመሪያ ቀጭን ገመድ ይወረወራል፤ እርሱን ተከትሎ ወፍራም የብረት ገመድ ይዘረጋል፤ ጭነቱም በዚያ ተንጠልጥሎ ይሻገራል። መሪ የያዘው ሰው ጥቂት ቢዘናጋ ሁለቱ መርከቦች ይጋጫሉ።

ከእነዚህ መርከቦች አንደኛይቱ የተሰየመችው በቻርልስ ድሩ ስም ነው። ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም በ1940 እ.ኤ.አ. የደም ፕላዝማ ባሕር ተሻግሮ ለእንግሊዝ ቁስለኞች እንዲላክ የተቋቋመውን ሥራ በኒው ዮርክ መርቷል። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም የቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ያስተምር ነበር፤ እርሱም ስንቅ አቀባይ ነበረ ማለት ነው።

በትምህርት ቤትም እንዲሁ ክፍል ከክፍል ይገጥማል። በሁለተኛ ክፍል ማካፈልን በውል ሳይማር ያለፈ ልጅ፥ ጉድለቱ የሚታየው በስድስተኛ ክፍል፥ በሌላ መምህር ፊት ነው። መርከቢቱ ወደ ባሕር ሳትወርድ ብየዳዋ ሊፈታ ይችላል፤ የልጅ ዕድሜ ግን ተፈትቶ እንደገና አይገጠምም። ስለዚህ የመጀመሪያ ክፍሎችን ለበረቱ መምህራን መስጠት የትምህርት ቤት ሹማምንት ሁሉ ግዴታ ነው።