ትንንሽ ሳተላይቶች በሰው ሮኬት ስለ መሳፈራቸው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ አልዱባ ገበያ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንዲት ጆንያ ማሽላ ያለው ገበሬ መኪና አይኮናተርም፤ ጭኖ በሚሄደው አይሱዙ ላይ በተረፈችው ቦታ ያስጭናል እንጂ። ዛሬ የምናገረውም ስለዚሁ ነው፤ ልዩነቱ መኪናው ሮኬት፣ መንገዱም ሰማይ መሆኑ ነው።

የሮኬት ወጪ ጭነቱ ቢሞላም ባይሞላም እምብዛም አይለወጥም። ዋናው ጭነት ከሮኬቱ አቅም ያነሰ እንደ ሆነ በትርፉ ቦታ ትንሽ ሳተላይት በቅናሽ ትሳፈራለች። ነገሩም አዲስ አይደለም። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. አሜሪካውያን የሬዲዮ አማተሮች የሠሯት ኦስካር 1 ለሚዛን ማስጠበቂያ ይጫን በነበረ ክብደት ፈንታ ገብታ ወጥታለች።

የአገራችንም ታሪክ ይኸው ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ስትላክ፣ ዋናው ጭነት 1,730 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ሲበርስ 4ኤ ነበረች። የእኛይቱ 70 ኪሎ ግራም ያህል ብትሆን ነው። ከወጪዋም 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ውስጥ 6 ሚሊዮን የሚሆነውን ቻይና ችላዋለች። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከ9 ኪሎ ግራም የማትበልጠው ሁለተኛዋ በሎንግ ማርች 8 የመጀመሪያ በረራ ተሳፈረች።

ይሁን እንጂ ርካሽ መንገድ የራሱ ዕዳ አለበት። ተሳፋሪ የመነሻውን ቀን አይወስንም፤ ባለ ጭነቱ የዘገየ እንደ ሆነ አብሮ ይዘገያል፤ የሚወርድበትንም ምሕዋር የሚመርጥለት ሌላ ነው። ሲበርስም የእኛይቱም ምድርን የሚያነሡ ስለ ነበሩ አንድ መንገድ ተስማማቸው፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገጥምም። ደግሞም የትንሽ ሳተላይት ዕድሜ አጭር ነው፤ የመጀመሪያይቱ የታቀደችው ለሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር። ስለዚህ አንድ ጊዜ እልል ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ ተተኪ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ድርቅ የበናንና የሐመርን ግጦሽ ሲያደርቅ፣ ኦሞም ሞልቶ የዳሰነችን መንደር ሲያጥለቀልቅ፣ ከሰማይ የተነሣው ሥዕል እንጦጦ ላይ ቢቀር ለአርብቶ አደሩ ምን ይረባዋል? ሥዕሉን አንብቦ፣ ሣርና ውሃ የት እንዳለ በሰዓቱና በቋንቋው የሚነግረው ሰው ይሻል።

ይህ ሰው ከመካከላችን መውጣት አለበት። ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነው ኩብሳት የተባለው የሳተላይት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1999 በሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች የተነደፈው ተማሪዎች ሠርተው እንዲማሩበት ነው። እኛስ ሒሳቡን፣ ኤሌክትሮኒክሱንና የሥዕል ንባቡን ከዛሬ ጀምረን ብንማር ማን ይከለክለናል? የሮኬት ቦታ በገንዘብ ይገኛል፤ ዕውቀትን ግን ማንም ተሸክሞ አያደርስልንም።