ስሙን ሰምተን አካሉን እንጠይቅ

(ለፓራሜዲክ ተማሪ አባሎቻችን በተዘጋጀው የክለሳ ቀን የቀረበ ንግግር)



አምቡላንስ ደርሶ በር ሲከፈት ሕመሙ ብዙ ጊዜ ስም ወጥቶለት ይጠብቀናል። አንዱ «ጨጓራዋ ነው»፣ ሌላው «ምች ነው»፣ ሦስተኛው «የሚጥል በሽታ ነው» ይላል። በአክብሮት እንስማቸው፤ መቼ እንደጀመራት፣ ምን እንደወሰደች የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እጃችን ግን ስሙን አይከተል። ብዙ ደም የሚፈስ ከሆነ ማቆሙ ይቀድማል። ከዚያ የአየር መንገድ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር። ቀጥለን አካሉን ክፍል በክፍል እንጠይቃለን።

ከሳንባ እንጀምር። አስም ያለባት ሴት ደረቷ ሲያፏጭ እንሰጋለን። የበለጠ የሚያሰጋው ግን ፉጨቱ ጠፍቶ፣ መናገር አቅቷት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ነው። ቤተሰቡ «ተሻላት» የሚለው አየር መግባቱን እያቆመ ሳለ ሊሆን ይችላል። ቁጭ እንዳለች ኦክስጅንና ሳልቡታሞል እንስጣት፤ ተኚ ብለን አናስገድዳት።

ወደ ልብ እንለፍ። ደረትን ጨምድዶ የሚይዘውን ሕመም ሁሉም ያውቀዋል። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ግን በማቅለሽለሽ፣ በትንፋሽ ማጠር፣ በመንጋጋ ወይም በጀርባ ሕመም ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ጨጓራ ነው» የተባለች፣ ላብ ያጠመቃት የ50 ዓመት እናት ኢሲጂ ተነስታ በሐኪም እስክትታይ ድረስ ለእኛ የልብ ሕመምተኛ ናት።

አንጎል ላይ ሰዓት ይወስናል። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲንተባተብ ስትሮክን እንጠርጥር። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆና የታየችው መቼ ነው?» ብለን ጠይቀን እንጻፈው፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለምዶ የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስኳሯንም እንለካ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የወረደ ስኳር ስትሮክ ሊመስል ይችላል። ራሷን ለሳተች ሴት ግን ስኳርም ውኃም በአፍ አይሰጥም። የሚያንቀጠቅጣትን በጎኗ እናስተኛት፤ ክብሪት ማሽተትና በጥርስ መካከል ማንኪያ ማስገባት ይቅር።

የምትንቀጠቀጠው ሴት ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከሆነችስ? ከ20 ሳምንት እርግዝና በኋላ፣ ወይም ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ መጀመሪያ ኤክላምፕሲያን እናስብ። ደም ግፊቷን እንለካ፤ መድኃኒቷ ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። ወልዳ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም የፈሰሳትን እናት ደግሞ «የወሊድ ደም ነው፣ ይውጣላት» ቢባልም አንጠብቅ። ማኅጸኗ እስኪጠነክር በሆዷ ላይ እናሸው፤ በመመሪያው መሠረት ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ትወጋ፤ በብርድ ልብስ ትሸፈን፤ ጉዞው አይዘግይ።

አራስ ቤት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በሩም መስኮቱም ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ አንድ ላይ የቤቱን ሰው ከያዙት «ምች» አይደለም፤ የከሰሉ መርዝ ነው። በሩን እንክፈት፣ ሁሉንም እናውጣ፣ ኦክስጅን እንስጥ። በጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ 98 ቢያሳይም አንመነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን መለየት አይችልም።

ልጆቻችን፣ የፈተናው ወረቀት ሕመሞቹን በየክፍላቸው ለይቶ ይጠይቃችኋል። ቤት ውስጥ ግን ተደባልቀው፣ የሰፈሩን ስም ለብሰው ነው የሚጠብቋችሁ። ስትደርሱ ማንንም «አታውቁም» ብላችሁ አታሳፍሩ። ያፈረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አምቡላንስ አይጠራም።

እናንተም እናቶች፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ስልክ አንሡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አጋሮቻችን፣ የምታግዙት ትምህርት እዚያ በር ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈተናልና ድጋፋችሁ አይለየን።