የበረኛው ዓመታት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በቀድሞ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ርእሰ መምህሩ «ስለ ስፖርት ንገርልን» ብለውኛል። ስፖርት ሰፊ ነው፤ እኔ የማውቀው በረኛነትን ነው። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ቡድን በረኛ የነበረ ሰው ዛሬ በከፍተኛ ሊግ ምን እንደሚሠራ እነግራችኋለሁ።

ከፍተኛ ሊግ ስሙ ያታልላል፤ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያለ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተው የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያለፈው በ2008 ዓ.ም. ከዚሁ ሊግ ነው። በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት በኮሮና ምክንያት ጨዋታው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ስለ ተደረገ፣ ጎንደር ድሉን ያየችው ከሩቅ ሆና ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ 2013 ነው። እኔ ግን 2008ን አብልጬ አስባለሁ፤ ያን ጊዜ የደከሙትን ተጫዋቾች ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነውና።

በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። ከኛ የገና ጨዋታ ጋራ የሚያመሳስለው ዱላውና ኳሱ ብቻ ነው። በዚያ አገር አንድ ኳስ ወርዋሪ ከዩኒቨርሲቲ ተመስግኖ ቢወጣም፣ ከጥቂቶች በቀር በቀጥታ ታላቁ ሊግ አይገባም። ከበታቹ በአራት እርከን የተደለደሉ 120 ቡድኖች አሉና በነዚያ እየተሻሻለ ይወጣል፤ ብዙውም መንገድ ላይ ይቀራል። የቅርጫት ኳሱ ማይክል ጆርዳን እንኳ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. ቤዝቦል ልሞክር ባለ ጊዜ በበርሚንግሃም ከተማ የታችኛው ሊግ ቡድን ገብቶ ተጫውቷል።

በዴንቨር ከተማ የሚጫወት ወርዋሪ ኳሱ እንደ ልቡ አይታጠፍለትም ይባላል፤ ከተማው 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት! እዚህ የተመታ ኳስ ይፈጥናል፣ መታጠፉም ያንሳል። ሐዋሳ ወርደን ስንጫወት ያው ኳስ ዘግየት ብሎ፣ ግን ጠምዘዝ ብሎ ይመጣል። ይህን ለመልመድ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ፈጅቶብኛል። በዩኒቨርሲቲ ጨዋታ በረኛ የሚመሰገነው በመዝለሉ ነው፤ በሊጉ ግን አሠልጣኙ የሚቆጥረው ሳልዘል የያዝኩትን ነው። አስቀድሞ ቦታ መያዝ፣ ተከላካዮቹን በስማቸው እየጠሩ ማዘዝ፣ ኳሱን በእጅ ወርውሮ ማጥቃት ማስጀመር፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ተመልካች አያጨበጭብለትም።

አሁን ወላጆች ያድምጡኝ። በነበርኩበት አንድ ክለብ ሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለንም። እኔ በሒሳብ አያያዝ ዲግሪ ስለ ነበረኝ በማታ የአንድ ሱቅ መዝገብ እየሠራሁ የቤት ኪራይ ከፈልኩ። ከኔ ጋራ አንድ ክፍል ይኖር የነበረው ልጅ ግን ደላላ «ፕሪሚየር ሊግ አስገባሃለሁ» ብሎት ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠ ነበር። በጨዋታ ከኔ ይበልጣል፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በሁለተኛው ወር ጫማውን ሸጦ አገሩ ገባ። ተመልሶ ሲጫወት አላየሁትም።

እናቴ ዳባት ሆና በስልክ «ልጄ፣ እስከ መቼ ነው ሻንጣ ተሸክመህ የምትዞረው?» ትለኛለች። እዚህ ስማር በየሳምንቱ በአውቶቡስ ስንቅ ትልክልኝ የነበረች እርስዋ ናትና የመጠየቅ መብት አላት። «ሁለት ዓመት ስጪኝ» ብያታለሁ። ከሁለቱ አንዱ አልፏል። ውሌ በሰኔ ያልቃል፤ ክለቡም ያድሰው እንደ ሆነ ገና አልነገረኝም።

ጓንቴን ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ የትምህርት ቤቱ ቡድን አጥቂዎች ሜዳ ላይ ይጠብቁኝ፤ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ኳስ ይመቱብኛል።