እርጥበትና ሸክም፦ የስኳር ሕመምተኛው ቁስልና የመሐንዲሱ ድርሻ



በመርካቶ የሸክም ሥራ የሚጀመረው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ከጭነት መኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘንም ወደ ሱቅ ከሚጓዘው ዕቃ ብዙው የሚያልፈው በሰው ጀርባ ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የስኳር ሕመም ቢኖርበትና በሽታው የእግሩን ነርቮች ቢያደነዝዝ፣ ከበረባሶው ውስጥ ብቅ ያለች ምስማር ስትወጋው አይሰማውም። የደም ሥሮቹም ጠበው ከሆነ ቁስሉ ለወራት ሳይድን ይቆያል፤ ፍጻሜውም የእግር መቆረጥ ሊሆን ይችላል።

ለረጅም ዘመን «ቁስል መድረቅ አለበት» ሲባል ኖሯል። በ1962 እ.ኤ.አ. ግን ጆርጅ ዊንተር በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ጥናት፣ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ቅርፊት አብጅቶ ከደረቀው ይልቅ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚለብስ አሳየ። ከዚያ 2 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1960፣ የቼኮስሎቫኪያ ኬሚስቶች ኦቶ ዊችተርሌና ድራሆስላቭ ሊም ውሃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ ግን የማይሟሟ ለሕክምና የሚሆን ቁስ ይፋ አድርገው ነበር። የዚህ ዓይነቱ ቁስ ሃይድሮጄል ይባላል።

በሃይድሮጄል ውስጥ ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው እንደ መረብ ውሃ ይይዛሉ። በቁስል ላይ ሲደረግ ለደረቀው እርጥበት ይሰጣል፣ የሞተውን ሥጋ ያለሰልሳል፣ ሲነሣም አዲሱን ሥጋ አይገነጥልም። ፈሳሽ በሚበዛበት ቁስል ላይ ግን የዙሪያውን ቆዳ ያርሰዋል፤ ይጎዳዋልም።

ጥቅሙን በልኩ ማየት ያስፈልጋል። በ2013 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 446 ሕመምተኞች የተሳተፉባቸውን 5 ጥናቶች መርምሮ፣ ሃይድሮጄል ጥልቀት በሌለው የእግር ቁስል ላይ ከተራ መሸፈኛ የተሻለ መስሎ ቢታይም ማስረጃው ጽኑ እንዳልሆነ ገልጿል። በ1997 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ የቁስልን መዳን የሚያግዝ ፕሮቲን የያዘው ቤካፕለርሚን የተባለ ጄል ደግሞ በማቀዝቀዣ መቀመጥ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚብሰው ችግር ግን ሸክሙ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 50 ኪሎ ተሸክሞ በተራመደ ቁጥር፣ አንዱን እግር ሲያነሣ 110 ኪሎ በሌላው ላይ ያርፋል። ቁስሉ በውስጠ እግር ከሆነ፣ ሌሊት የተሠራውን አዲስ ሥጋ የቀኑ እርምጃ ያፈርሰዋል። ይህን ጫና የሚያስቀር ጄል የለም።

ትምህርቱ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ አገር የሥጋ ደዌ ሕሙማን የእግር ቁስል ስሜት ባጣ እግር ላይ ከሚያርፍ ጫና እንደሚመጣ፣ እግሩ በጄሶ ሲያርፍም እንደሚድን አስረድቷል። በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርትም ስሜት ላጣ እግር የሚሆን ጫማ በራሱ ወርክሾፕ ሲሠራ ኖሯል።

እንግዲህ የመሐንዲሱ ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። በመርካቶ ከመኪና ጎማ የሚሠራው ሶል ከውጭ የሚመጣውን ጠጠርና ስለት ይከላከላል፤ ጉድለቱ ከውስጥ ነው። ምስማሩ በስፌት ወይም በማጣበቂያ ቢተካ፣ ለስላሳ ገበር ቢደረግለት፣ ጫናውም ተለክቶ ቢከፋፈል፣ ብዙ ቁስል ሳይጀምር ይቀራል። ቁስሉ ከጀመረ ግን ተሸካሚው ወደ ሐኪም መሄድና ከሸክም ማረፍ አለበት። የዕለት እንጀራው በሸክሙ ላይ ለተመሠረተ ሰው ይህን ዕረፍት ማስገኘት፣ ጋሪና ማንሻ በመሥራት ጭምር፣ ሃይድሮጄልን ከማምረት ያላነሰ የሙያ ግዴታ ነው።